አፓርታማ ከመግዛታችሁ በፊት በረንዳውን ለኩት

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። ቀኑ አያቃጥልም። ከክረምቱ በቀር አብዛኛውን ዓመት ደጅ መዋል ይቻላል። እንዲህ ያለ አየር ታድለን፣ በየሰፈሩ የሚነሱት ፎቆች ሰውን ቤት ውስጥ ቆልፈው የሚያስቀሩ መሆናቸው ያሳዝነኛል።

የእኛ ኑሮ ግማሹ ግቢ ውስጥ ነው። በርበሬ የሚሰጣው፣ የሽሮ እህል የሚለቀመው፣ ልጅ የሚሯሯጠው እዚያ ነው። ጨቅላ ሕፃንም ቅቤ ተቀብቶ የጠዋት ፀሐይ የሚሞቀው ደጅ ነው። ሰውነት ቫይታሚን ዲ የሚሠራው ፀሐይ በቀጥታ ቆዳ ላይ ስታርፍ ነው፤ በመስኮት መስታወት አልፋ የምትገባው ፀሐይ ትሞቃለች እንጂ ለዚህ አትረዳም።

በ1990ዎቹ መጨረሻ ኮንዶሚኒየም ሲጀመር ይህ ነገር ታስቦበት ነበር። እንጀራ የሚጋገርበት፣ በግ የሚታረድበት፣ ድግስ የሚደገስበት የጋራ መጠቀሚያ ቤት በየግቢው ተሠራ። አንዳንዱ በኋላ ተከራይቶ ለሌላ ሥራ ዋለ እንጂ ሐሳቡ ትክክል ነበር። ዛሬ በሚሸጡት ብዙ አፓርታማዎች ግን ደጅ ማለት ያቺ በረንዳ ብቻ ናት። እሷም ወርዷ አንድ ሜትር ካልሞላ ሁለት ሰው ፊት ለፊት አታስቀምጥም። ስለዚህ ሰው በላሜራና በመስታወት ዘግቶ ዕቃ ቤት ያደርጋታል። አልፈርድበትም፣ ምን ያድርግ? የሚያስፈራኝ ከዘጋ በኋላ እዚያው ከሰል ሲያቀጣጥል ነው። የከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ አይታይም፣ አይሸትም፤ ይገድላል። ቡና በከሰል የሚያፈላ ቤት አየር የሚወጣና የሚገባበት ቦታ የግድ ያስፈልገዋል።

እኔ ቤት ብመርጥ መጀመሪያ የማየው የበረንዳውን ወርድ ነው። 1.80 ሜትር ካለው ረከቦቱ መሃል ሆኖ ሰው ዙሪያውን በርጩማ ላይ ይቀመጣል። በሩ ከሳሎን ይከፈት፣ ሰፊም ይሁን፤ ከመኝታ ቤት ብቻ የሚወጣበት በረንዳ እንግዳ አያስተናግድም። ወለሉ ወደ ውጭ ትንሽ ዘንበል ብሎ ማፍሰሻ ከሌለው የሐምሌ ዝናብ ሳሎን ይገባል። ከላይም ጥላ ያስፈልገዋል። ወደ ምሥራቅ የዞረ ከሆነ ደግሞ ተመስገን ነው፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ጠዋት ብርድ ምን እንደሚመስል የአዲስ አበባ ሰው ያውቀዋል።

ሻጮች ካሬውን ሲያሰሉ ብዙ ጊዜ በረንዳውንም ይቆጥራሉ። ገንዘብ የከፈላችሁበት ቦታ ነውና ውል ከመፈረማችሁ በፊት ሜትር ይዛችሁ በጠዋት ሂዱ። ፎቁ ገና ካልተሠራ ፕላኑ ላይ ያለውን ልኬት አሳዩን በሉ። ጠባብ ከሆነ እንዲያሰፉት ጠይቁ፣ እምቢ ካሉ ዋጋው ላይ ተከራከሩ። ገዢው ዝም ካለ አልሚው በረንዳ ለማስፋት ምን ምክንያት አለው?