«የትኛው ኮሌጅ?» ከማለትህ በፊት «ማን ዘንድ?» በል

የእህቴ ልጅ ከሁለት ወር በፊት ደውሎ «ጋሼ፣ ሙዚቃ የት ልማር?» አለኝ። ቤዝ ጊታር ይጫወታል፤ ከልጅነቱ ጀምሮ እሑድ እሑድ ከመዘምራን ጋር ሲጫወት ነው ያደገው። ጆሮው ጥሩ ነው፣ ኖታ ላይ ግን ይንቀረፈፋል። ስልኩ ላይ የአሥራ አንድ ኮሌጅ ስም ጽፎ ይዟል፤ ከአዲስ አበባ ይነሣና ቦስተን፣ በርሊን፣ ለንደን እያለ ይሄዳል። ከእያንዳንዱ ስም አጠገብ ክፍያው፣ የማመልከቻው የመጨረሻ ቀንና «በዓለም ስንተኛ» መሆኑ ተሞልቷል። አነበበልኝና ሲጨርስ አንድ ጥያቄ ጠየቅሁት፦ «ከእነዚህ በአንዱ እንኳ ቤዝ የሚያስተምርህ ሰው ማን ይባላል?»

ዝም አለ። አንዱንም አያውቅም።

አልፈርድበትም። እኛ አገር ኮሌጅ የሚመረጠው በስሙ ነው፤ ሕግም ይሁን አካውንቲንግ የምትማረው ስሙ ከከበደ ዲግሪውም ይከብዳል። ሦስት መቶ ተማሪ በሚቀመጥበት አዳራሽ መምህሩ ቢሰንፍ መጽሐፉ ይክስሃል፣ መጽሐፉ ቢጠፋ የጓደኛህ ደብተር አለ። ሙዚቃ ላይ ይህ አይሠራም። የትምህርቱ እምብርት አንዲት ጠባብ ክፍል ናት፤ አንድ መምህር፣ አንድ ተማሪ፣ ብዙ ጊዜ በሳምንት አንድ ሰዓት። እጅህን የሚያርመው፣ ትንፋሽህን የሚሰማው፣ «እንደገና» የሚልህ እዚያ ክፍል ያለው ሰው ነው። ያቺ ሰዓት ከከሸፈች ቤተ መጻሕፍቱም፣ አዳራሹም፣ በብሮሹሩ ላይ የሚያብረቀርቀው ጥቁር ፒያኖም ማጀቢያ ናቸው።

ይህን ከእኔ በፊት የአብነት ተማሪ ያውቀዋል። እያንዳንዱ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት የታወቀ ቦታ አለው። ድጓ ማስመስከር የፈለገ ጋይንት ወዳለችው ቤተልሔም ይሄዳል። ዝማሬ መዋሥዕት የፈለገ ዙር አምባ ይወጣል። አቋቋም ያማረው ጎንደር በአታ ይገባል፣ ቅዳሴ የፈለገ ደግሞ ደብረ ዓባይን ወይም ሰላልኩላን ይይዛል። ማንኛውም ቦታ «ሁሉን እኔ ዘንድ ታገኛለህ» አይልም። ተማሪው አኮፋዳውን አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ የሳምንት መንገድ የሚሄደው ለሕንፃ አይደለም፤ ከጭቃ ጎጆ ሌላ ሕንፃም የለም። የሚሄደው የኔታ እገሌ እዚያ ስላሉ ነው። ሊቅ ሲገናኝ «የት ተማርህ?» ብሎ አይበቃውም፤ «ማን ዘንድ?» ይላል፤ መልሱን ሲሰማ ዜማው ከማን ወደ ማን እንደተላለፈ ወደ ኋላ ይቆጥራል። ቅዱስ ያሬድም ቢሆን ትምህርት አልገባ ብሎት የጠፋው ከአጎቱ ከጌዴዎን ዘንድ እንደሆነ ትውፊቱ ይናገራል፤ አጎትየው ገርፎት ነበር ይባላል። እኔ የእህቴን ልጅ ልገርፈው አልችልም፣ የተገናኘነው በስልክ ነው።

ዘመናዊውም ታሪካችን ከዚህ አይርቅም። ፒያኒስቷ መነኩሴ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ቫዮሊን ጀመሩ፤ ካደጉ በኋላ ካይሮ የሄዱት ግን አንድ ሰው ፍለጋ ነው ማለት ይቻላል፤ አሌክሳንደር ኮንቶሮቪች የሚባል ፖላንዳዊ ቫዮሊኒስት። በቀን ዘጠኝ ሰዓት ይለማመዱ ነበር። ቆይቶ መምህሩም ወደ አዲስ አበባ መጥቶ የክቡር ዘበኛን የሙዚቃ ክፍል መራ። በእማሆይ ፒያኖ ውስጥ የምንሰማውን ያን የአውሮፓና የማኅሌት ድብልቅ የትኛው ኮሌጅ ሰጣቸው ብትል መልስ አታገኝም። «ማን ዘንድ?» ብትል ግን ስም አለ።

ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትንም ብትወስድ እንዲሁ ነው። ሕንፃው በቡልጋሪያ ርዳታ የተሠራ ነው፤ ሲጀመር የመራው ደግሞ አሜሪካ ኢስትማን በሚባል የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተምሮ የመጣው አሸናፊ ከበደ ነበር። ከቡልጋሪያ ጋር የነበረው ግንኙነት በጡብና በሲሚንቶ አልቆመም። ፒያኒስቱ ግርማ ይፍራሸዋ ከያሬድ ተነሥቶ ሶፍያ ኮንሰርቫቶሪ የገባው በዚያው በተከፈተ መንገድ ነው። ዓለሙ አጋ በገናን እዚያው ያስተምሩ በነበሩበት ዘመን በገና ለመማር ያሬድ መግባት ትርጉም ነበረው፤ መምህሩ ሲሄድ ግን የመሣሪያው ስም በፕሮግራሙ ላይ መኖር ብቻውን በቂ አይደለም። ዛሬ ትምህርት ቤቱ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ነው፤ ክራር፣ ማሲንቆና ዋሽንት ከፒያኖና ከቫዮሊን ጎን ይሰጡበታል። ጥሩ ነገር ነው። ጥያቄው ግን አሁንም ያው ነው፦ በዚህ ዓመት፣ በአንተ መሣሪያ፣ ማን አለ?

እዚህ ላይ «ሙላቱ አስታጥቄስ?» የሚለኝ አይጠፋም። ልክ ነው፣ ሙላቱ በርክሊ የሚባለው የቦስተን የሙዚቃ ኮሌጅ ተምሮ ነው ሙላቱ የሆነው። ግን ነገሩን በደንብ እንየው። ቤተሰቦቹ ወደ ዌልስ የላኩት መሐንዲስ እንዲሆን ነበር። ሙዚቃ ሲያሸንፈው ለንደን ትሪኒቲ የሙዚቃ ኮሌጅ ገባ፣ ከዚያ ቦስተን ተሻገረና በርክሊ የተማረ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ሆነ። በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ጃዝን እንደ ቁም ነገር የሚያስተምር ቦታ በጣት የሚቆጠር ነበር። ስለዚህ ሙላቱ የሚፈልገውን ነገር ለይቶ ነው የሄደው፤ ቫይብራፎኑንና የማቀናበር ዘዴውን ወሰደ። የአገሩን የዜማ ቅኝት ቦስተን አልሰጠውም፣ ይዞት ነው የገባው። ኢትዮ ጃዝ የሁለቱ ልጅ ነው። ባዶ እጁን ቢሄድ ኖሮ ምናልባት አንድ ተጨማሪ ጎበዝ የጃዝ ተጫዋች እናገኝ ነበር።

ቅኝት ካነሣሁ አይቀር፣ ውጭ ልሂድ የሚል ልጅ ሁሉ ሊያስብበት የሚገባ ነገር አለ። ከአራቱ ቅኝቶቻችን አንዱን፣ አንቺ ሆዬን፣ ከሲ ጀምረህ ብትመታው ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ ፍላት፣ ኤ ይሆናል። አውሮፓ ወይም አሜሪካ ያለ የንድፈ ሐሳብ መምህር ይህን ሲሰማ መጀመሪያ የሚያደርገው ስም መፈለግ ነው፤ በሜጀርና በማይነር ሣጥን ውስጥ አልገባ ሲለው «የሚገርም ስኬል» ብሎ ያልፈዋል። እኛ ግን በሠርግና በለቅሶ የሰማነው ዜማ ነው፣ የሚገርም ምንም የለውም። ማሲንቆ ተጫዋቹ የሚይዘው ድምፅ ደግሞ ከፒያኖው ቁልፍ ጋር አንድ ላይሆን ይችላል፤ ያንን የሚያስተምርህ ፋሲካ ላይ ጠላ ቤት ያገኘኸው አዝማሪ ነው። አራቱን ቅኝት በጆሮህ ሳታደላድል ከወጣህ፣ ስትመለስ ትዝታን በባዕድ አነጋገር የምትጫወት እንግዳ ትሆናለህ። ሰው ይታዘብሃል፣ አይነግርህም እንጂ።

«ሙዚቀኛ ምን ኮሌጅ ያስፈልገዋል፣ ጥላሁን ገሠሠ የትኛው ኮሌጅ ገባ?» የሚሉም አሉ። ይህ አባባል ያናድደኛል፣ ምክንያቱም ግማሹ እውነት ነው። ጥላሁን ከሀገር ፍቅር ወደ ክቡር ዘበኛ ነው የሄደው። ሳክስፎኒስቱ ጌታቸው መኩሪያ በ1949 እ.ኤ.አ. የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ባንድ ገባ፣ ከዚያ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ ከዚያ ፖሊስ ኦርኬስትራ። ዲግሪ የላቸውም። ግን እነዚያ ባንዶች ምን ነበሩ? ደመወዝ እየተከፈለህ ልምምድ ትገባለህ፣ ካጠፋህ ሻምበሉ አለልህ። ኖታ የሚያስነብቡ የውጭ መምህራንና ከአርመኖቹ ወገን እነ ነርሲስ ናልባንዲያን ነበሩ። ከጎንህ ሃያና ሠላሳ ተጫዋች ተቀምጧል። ይህ ኮሌጅ ካልሆነ ምን ሊባል ነው? ስሙ ብቻ ነው ጦር ሠራዊት፣ ፖሊስ ወይም ማዘጋጃ ቤት የነበረው። ዛሬ ያ ቤት የለም። ዛሬ የሃያ ዓመት ልጅ የሚጠብቀው አንድ ኪቦርድና አንድ ድምፃዊ የያዘ ክለብ ነው፤ ቤዙንም ከበሮውንም ኪቦርዱ ይጫወተዋል። ለዚህ ነው ከመምህሩ ቀጥሎ «ከማን ጋር እጫወታለሁ?» የሚለውን የማስቀድመው። ቤዝ ብቻውን ምን ይሠራል? ለእህቴ ልጅ ዓይነቱ በመካነ ኢየሱስ ሴሚናሪ ሥር ያለው የጃዝ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ከአሥራ አንዱ ስም ውስጥ አለመግባቱ ገርሞኛል፤ ከቤቱ ሁለት ታክሲ ነው።

ስለ ገንዘብ አጭር እናገራለሁ፣ ምክንያቱም ቁጥሩ ራሱ ይናገራል። በርክሊ የትምህርት ክፍያው ብቻ በዓመት ከ45,000 ዶላር በላይ ነው፤ ቤት ኪራይና ምግብ ሳይጨመር። ያለ ስኮላርሺፕ በብድር ገብቶ ሙዚቀኛ ሆኖ መክፈል ማለት ሌሊት ኡበር እየነዱ ቀን መተኛት ማለት ነው፤ ዋሽንግተንና አካባቢዋ እንዲህ ያለ ሰው አያጡም። ፊላደልፊያ ያለው ከርቲስ በአንጻሩ ከ1928 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የትምህርት ክፍያ አይቀበልም፤ የሚገባው ግን በጣም ጥቂት ሰው ነው፣ የሚማረውም ክላሲካል ነው። ጀርመን የመንግሥት የሙዚቃ ኮሌጆች በአብዛኛው ክፍለ ግዛት በነፃ ያስተምራሉ፤ ባደን ቩርተምበርግ ግን ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የመጣውን በሴሚስተር 1,500 ዩሮ ያስከፍላል። ለቪዛው ግን ወደ 12,000 ዩሮ የሚጠጋ የዓመት መኖሪያ በየወሩ ብቻ በሚለቀቅ የባንክ ዝግ ሒሳብ ማሳየት አለብህ።

የጀርመኖቹ አንድ ልማድ ደስ ይለኛል። ተማሪው ከማመልከቱ በፊት መምህሩን ጽፎ ይጠይቃል፣ አንድ የሙከራ ትምህርት ይወስዳል፣ ከዚያ «እገሌ ክፍል ልግባ» ብሎ ያመለክታል። የኔታን ፍለጋ ማለት ይህ ነው፤ አኮፋዳው ብቻ ነው የጎደለው።

በአገራችን ግን ከመምህሩ በፊት ሌላ በር አለ። ዲግሪ ለመግባት የ12ኛ ክፍል ፈተና ማለፍ ግድ ነው፤ የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከገጠር የመጣ፣ ክራር በእጁ የሚናገር ልጅ የሒሳብ ፈተና አንቆት ሲቀር ማሰብ ያሳዝናል። ሒሳብ ይቅር አልልም። ግን የተሰጥኦ ፈተናው ከፍ ያለ ክብደት ቢያገኝ ማን ይጎዳል? ይህን የትምህርት ፖሊሲ የሚጽፉት ቢያስቡበት እወዳለሁ፤ ለጊዜው ግን ልጁ ሒሳቡን ማጥናት አለበት።

እኔ ለምን እንዲህ አጥብቄ እንደምናገር ልንገራችሁ። እኔ በስም ነው የመረጥሁት። ኮሌጁን አልጠራውም፤ በብሮሹሩ ሽፋን ላይ አንድ ዝነኛ ክላርኔቲስት ነበር፣ እሱን አይቼ ነው የተመዘገብሁት። በአራት ዓመት ውስጥ ያገኘሁት ሦስት ጊዜ ነው። ሁልጊዜ ኮንሰርት ላይ ነበር። ያስተማረኝ የእሱ ተማሪ ነው፤ ከእኔ በሁለት ዓመት ይበልጠኛል፣ ደግ ልጅ ነበር፣ ግን እሱም ገና ይማር ነበር። የአፍ አያያዜ ስሕተት እንደሆነ የነገረኝ ሰው ያገኘሁት ከተመረቅሁ በኋላ ነው። ያንን ለማረም አንድ ዓመት ተኩል ፈጀብኝ።

ስለዚህ ለእህቴ ልጅ የሰጠሁት የቤት ሥራ ይህ ነው። ዝርዝሩን ወደ ጎን አድርግ። የሥራ ቀን ከሰዓት በኋላ ሄደህ መለማመጃ ክፍሎቹ ያሉበት ኮሪደር ላይ ቁም፤ ድምፅ ከሌለ ምክንያቱን ጠይቅ። ዘበኛውንም ጠይቅ፣ ማን ማታ እንደሚቆይ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። አራተኛ ዓመት የደረሰ ተማሪ ፈልገህ ቡና ጋብዘውና «መምህርህ ባለፈው ወር ስንት ጊዜ መጣ?» በለው። ፒያኖውን ነካ አድርገው፣ መቼ እንደተቃኘ ይነግርሃል። ማስተማር ወይም ጥናት ከፈለግህ ወረቀቱ ግድ ነውና እሱንም አትናቅ፤ አሜሪካ ከሆነ ደግሞ ባችለር ኦፍ ሚዩዚክ የሚባለው ሁለት ሦስተኛው ሙዚቃ መሆኑን፣ ቢ ኤ የሚባለው ግን አብዛኛው ሌላ ትምህርት መሆኑን ሳታውቅ አትፈርም። ከሁሉ በፊት ግን አንድ ሰዓት ከመምህሩ ጋር ተቀመጥ።

ባለፈው ሐሙስ ደወለ። አንድ መምህር አግኝቶ አንድ ሰዓት ተቀምጧል። ድምፁ ውስጥ ቅሬታ ነበር።

«ቤዙን አስቀምጥ አለኝ፣ ጋሼ። የምጫወተውን መስመር በአፌ ዝፈነው አለኝ። አቃተኝ። ሠላሳ ደቂቃ ሙሉ ዝፈነው ሲለኝ ቆየ፤ ቤዙን አንድ ጊዜ እንኳ አልነካሁም።»

«እና ትመለሳለህ?»

«ማክሰኞ ቀጥሮኛል» አለ።