ይድረስ ለክቡር የ15 ደቂቃ እራት

ጉዳዩ፦ በእንግዳ ፊት ስላዋረዱኝ ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

ክቡርነትዎ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከእንቅልፍ ናፍቆት በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ልጁም ደህና ነው። ይህን ስጽፍ ትከሻዬ ላይ ሆኖ የጠባውን ሸሚዜ ላይ እየመለሰ ነው።

እርስዎን የማያውቅ የለም። ሌሊት ለማጥባት ተነስቼ ስልኬን ስነካ ቀድመው ብቅ የሚሉት እርስዎ ነዎት። ንጹሕ ማዕድ ቤት፣ ጥፍሯን የተቀባች ልጅ፣ ከጀርባ ለስለስ ያለ ክላሲካል። «ለሥራ ለምትሮጡ እናቶች! በ15 ደቂቃ ምርጥ ምስር ወጥ!» ሽንኩርቱ ተከትፎ፣ ነጭ ሽንኩርቱ ተፈጭቶ፣ ምስሩ ተለቅሞና ታጥቦ በየትንንሽ ሳህኑ ተደርድሯል። ማን ላጠው? ማን ከተፈው? ማን አለቀሰበት? እሱ ከ15ቱ ውስጥ አይቆጠርም መሰለኝ። ሽንኩርቱ ነጭ ሆኖ ድስት ውስጥ ይገባል፤ ቪዲዮው ቁርጥ ይላል፤ ሽንኩርቱ ተቁላልቶ ብቅ ይላል። በእኛ ቤት ሽንኩርት እንዲህ ሲያደርግ አይቼ አላውቅም።

ወደ ረቡዑ ልምጣ።

ረቡዕ አመሻሽ ላይ የባለቤቴ አክስት ደወሉ። «ከደብረ ብርሃን ተነስቻለሁ፤ ልጁን ሳላየውማ አላድርም» አሉ። እኔ በዚያ ሰዓት የታክሲ ሰልፍ ላይ ነበርኩ። የትኛውን ሰልፍ እንደሆነ አንባቢ ያውቀዋል፤ ጫፉን ፍለጋ ራሱ አንድ ሰፈር የሚያስኬደውን። ቤት ስደርስ ሞግዚቷ ጫማዋን አድርጋ በር ላይ ቆማለች። ልጁን አቀበለችኝና ደረጃውን ወረደች።

ቀኑ ረቡዕ ባይሆን ኖሮ ክቡርነትዎን ባላስቸገርኩ። እንቁላል ነበረኝ፤ እንቁላል ፍርፍር ማንንም አሳፍሮ አያውቅም። ግን አክስት ጾመኛ ናቸው። ሽሮ ደግሞ ከደብረ ብርሃን ድረስ ለመጣ ሰው ብቻውን አይቀርብም። ስለዚህ ስልኬን የስኳር ዕቃው ላይ አስደግፌ እርስዎን ከፈትኩ።

ልጁን በአንቀልባ አዝዬ ጀመርኩ። ሽንኩርት ልጬ ከትፌ ሳበቃ የእርስዎ 15 ደቂቃ ተጠናቀቀ። በርበሬው ሲገባ ልጁ ጀርባዬ ላይ ያስነጥስ ጀመር። ሮጬ ለአባቱ ሰጠሁት። ወጡን አንድ ጊዜ ሳላማስል አባቱ ይዞት መጣ። «አንቺን ፈልጎ ነው» አለኝ። አባቱ ሳሎን የሄደው አክስቱን ሊያጫውት ነው። ሥራ ላይ ነው እንግዲህ።

«አሁን ቲማቲሙን ጨምሩ፤ ከዚያ ምስሩን፤ ከድናችሁ 7 ደቂቃ!» አሉ እርስዎ። ጨመርኩ። ቲማቲም አሲድ አለው፤ አሲድ ደግሞ ምስር ቶሎ እንዳይለሰልስ ያደርጋል። ይህን ያወቅኩት በማግስቱ ነው። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ምስሩ ሳይበስል ቲማቲም አስገብታ አታውቅም። እርስዎ ግን ለካሜራ ስለሚያምር አስቀደሙት። ቀይ በቀይ ላይ።

መብራት የሄደው ያኔ ነው።

ሲሊንደሩስ? ካለቀ ሰነበተ፤ ወረፋው የት እንደደረሰ አትጠይቁኝ። በረንዳ ላይ ከሰል አያያዝኩ። ነፋሱ አመዱን ድስቱ ውስጥ እየነሰነሰ፣ እኔ በአንድ እጄ እያራገብኩ፣ በሌላው ልጁን አቅፌ። አክስት ከሳሎን «አትቸኩዪ የኔ ልጅ፣ እኔ እንደሆነ አልራበኝም» ይላሉ። ትንሽ ቆይተው ይደግሙታል። የራበው ሰው ካልሆነ «አልራበኝም»ን ማን ይደጋግመዋል?

በመጨረሻ በስልክ መብራት ቀረበ። አክስት አማትበው ጎረሱ። ጨለማው ውስጥ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። መንጋጋቸው ቆመ። ደግመው ሞከሩ፤ «ቀጭ»። ከዚያ በእርጋታ፣ ያለ ምንም ክፋት፣ «ምነው የኔ ልጅ፣ ልጁ ሳያወጣ ምስሩ ጥርስ አወጣ?» አሉ።

ባለቤቴ ሳቀ። ሳቀ! ልጁን እንኳ ያልያዘው ሰውዬ።

ምን አለ እዚያ ላይ ቢያበቃ? አክስት እጃቸውን በነጠላቸው ጠርገው ቦርሳቸውን ሳቡ። ከውስጡ ፌስታል ወጣ። ከፌስታሉ ዳቦ ቆሎ። «ለመንገድ ቋጥሬው ተርፎኝ ነው፤ ብሉ እንጂ ልጆቼ» እያሉ ለእኛም አደሉን። በጨለማ ተቀምጠን ቆረጠምን። በእኔ ቤት፣ ልጄን ሊጠይቅ የመጣ እንግዳ ስንቁን ፈትቶ በላ። ክቡርነትዎ ማዕድ ቤት እንጂ ሳሎን ገብተው ስለማያውቁ ይህ ምን ማለት እንደሆነ አይገባዎትም።

ሲነጋ ዘመድ ሁሉ ሰምቷል። አማቴ ደውለው በለሆሳስ «ልጄ፣ የቸገራችሁ ጋዝ ነው እህል?» አሉኝ። የባለቤቴ አጎት ደግሞ በቴሌብር ብር ላኩ። ምክንያት የሚለው ቦታ ላይ «ለምስር» ብለው ጽፈዋል።

የድሮውን ቂም ብዙ አላነሳም። ዶሮ ወጥ በግማሽ ሰዓት ያሉ ዕለት 12ቱን ብልት ማን እንዳጠበልዎት ብቻ ይንገሩኝ።

ያ የ«እሑድ አዘጋጁ» ምክርዎ ግን በዝምታ አይታለፍም። እሑድ ቁሌቱን በብዛት ሠርታችሁ፣ በየዕቃው ከፋፍላችሁ፣ ፍሪዘር ውስጥ ክተቱ ይላሉ። የትኛው እሑድ? ጠዋት ቅዳሴ፣ ከዚያ ክርስትና፣ ከዚያ ለቅሶ፣ ማታ ደግሞ የሳምንቱ ሽንት ጨርቅ እጥበት ያለበት እሑድ? እሱም ውሃው ፈረቃችን ላይ ከመጣ። እሺ ብዬ አንድ ጊዜ ከተትኩት። ሰኞ መብራት ሄደ፤ ቁሌቱ ቀለጠ። ማክሰኞ መጣ፤ ደረቀ። እንደገና ሄደ። ስከፍተው የጠላ ሽታ አለው። ያን ሁሉ ሽንኩርት፣ በዚህ ዋጋ፣ ቆሻሻ ውስጥ ስደፋ ጎረቤት እንዳታየኝ ጨለማን ተገን አድርጌ ነው።

አራስ እያለሁ እኮ እርስዎን አላውቅዎትም ነበር። ገንፎው ቅቤው መሐሉ ላይ ቀልጦ ይመጣል፤ አጥሚቱ ይመጣል፤ እናቴ ድስቱ አጠገብ ዝር አታስብለኝም። ክርስትናው አለፈ፣ ፈቃዴ አለቀ፣ ሰዉ ሁሉ በአንድ ሳምንት ወደየቤቱ ገባ። በባዶው ማዕድ ቤት እርስዎ ጥፍርዎን ተቀብተው ጠበቁኝ።

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ለምንድን ነው ሁልጊዜ «እናቶች» የምትለው? በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለእናት ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ይሰጣታል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ልጁ 6 ወር ጡት ብቻ ይጥባ ይላል። መሐሉ ላይ ያለውን ጊዜ እኔ ቢሮ መጸዳጃ ቤት ተቆልፌ ጡቴን እያለብኩ እሞላዋለሁ። ለአባት ስንት ሰጡት? 3 ቀን። 3 ቀን ልጁን አየ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ አለኝ፣ ሥራ ገባ። ማታ ሁለታችንም እኩል ደክሞን፣ እኩል ርቦን እንመጣለን። አንተ ግን ማዕድ ቤት የምትጠራው እኔን ብቻ ነው። እራቱ በ15 ደቂቃ ይደርሳል ስትል ለእኔ ብቻ አይደለም የምትናገረው፤ ሳሎን ተቀምጦ «15 ደቂቃ እኮ ናት» ለሚለውም ነው። ታዲያ ቀላል ከሆነ ለምን አይሠራትም? ደክሞኛል። በጣም ደክሞኛል።

ይቅርታ ክቡርነትዎ፣ አንቱታው አምልጦኝ ነው።

የምጠይቀው ጥቂት ነው። የሚቀጥለውን ቪዲዮ ያለ ቁርጥ ይቅረጹልኝ። ሽንኩርቱ ከነልጣጩ ይጀምር። ጀርባዎ ላይ ልጅ ይኑር፤ የሚያስነጥስ። መሐል ላይ አንድ ሰው ገብቶ «ጨው የት ነው?» ይበልዎት፤ ጨው አምናም ዘንድሮም እዚያው ቢሆንም። ቀኑ ረቡዕ ይሁን። ሲጨርሱ ሰዓትዎን አይተው ርእሱን ያስተካክሉ።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለባለቤቴ አክስት፣ ፋሲካ ሲያልፍ እንዲመጡልን ከአደራ ጋር
ለባለቤቴ አጎት፣ ብሩ ደርሶናል፤ ለሽንት ጨርቅ ውሏል
ለባለቤቴ፣ ለአፈጻጸም፤ ዛሬ ተራው ያንተ ነው፤ ሽንኩርቱ ከመደርደሪያው ሥር ነው፤ ቢላዋው ደንዟል፤ ልጁ ቢያለቅስ «አንተን ፈልጎ ነው»