«በንጉሡ ፈቃድ» የሚባለው ተረት ይብቃ

ፋክ የሚለው የእንግሊዝኛ ጸያፍ ቃል ከየት መጣ ሲባል ብዙ ሰው አንድ ታሪክ ይደግማል። በድሮዋ እንግሊዝ ጥንዶች ያለ ንጉሡ ፈቃድ አብረው መተኛት አይችሉም ነበር፣ ቃሉም የፈቃዱ ቃላት መነሻ ፊደላት ናቸው ይባላል። ፈጠራ ነው። እንዲህ ያለ ሕግ አልነበረም። መነሻ ፊደላትን ገጣጥሞ እንደ አንድ ቃል መጥራትም የተስፋፋው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ሲሆን፣ ቃሉ ከዚያ በመቶዎች ዓመታት ይቀድማል።

የቃል ዘር ሲጣራ መጀመሪያ የሚፈለገው ጥንታዊው ጽሑፍ ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1310 እና በ1311 በቼስተር የፍርድ ቤት መዝገብ ሮጀር የተባለ ሰው ይህንኑ ቃል ባዘለ ቅጽል ስም ተጽፏል። በ15ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈ፣ ላቲንና እንግሊዝኛ የተቀላቀለበት ግጥም ደግሞ የካምብሪጅን የቀርሜሎስ መነኮሳት በኢሊ ከተማ ሚስቶች ያማል፤ ገነት አይገቡም ይላል። ገጣሚው ምክንያቱን የጻፈው፣ ይህንኑ ቃል ጨምሮ፣ በምስጢር ነው፤ እያንዳንዱን ፊደል በሚከተለው ተክቶ፣ በኤፍ ፋንታ ጂ፣ በሲ ፋንታ ዲ፣ በኤ ፋንታ ቢ እያደረገ። የተሰወረው ሐሜቱ በሙሉ ስለሆነ ነውሩን ይፍራ መነኮሳቱን መለየት ያስቸግራል።

ቀጥሎ የሚጠየቁት እህት ቋንቋዎች ናቸው። በሆላንድኛም በስዊድን የገጠር አነጋገርም መምታትና መግፋት የሚል ትርጉም ያላቸው ተቀራራቢ ቃላት አሉ፤ ስለዚህ ዘሩ ጀርማኒክ ነው፤ ማለትም እንግሊዝኛ፣ ሆላንድኛና ስዊድንኛ ካሉበት የቋንቋ ቤተሰብ ነው። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ተመሳሳይ ትርጉም ያለውን የላቲኑን ፉቱዌሬ ያዩና አባቱን ያገኙ ይመስላቸዋል። የድምፅ ሕጉ ግን አይፈቅድም። ከጋራ ዘር በወረሷቸው ቃላት መነሻ ላይ የላቲን «ፍ» በእንግሊዝኛ አብዛኛውን ጊዜ «ብ» ይሆናል፤ ፍራተር ብራዘር ነው። የእንግሊዝኛ «ፍ» የሚገጥመው ከላቲን «ፕ» ጋር ነው፤ ፓተር ፋዘር ነው። ሁለቱ ቃላት በ«ፍ» መጀመራቸው ራሱ ዝምድናቸውን ያፈርሰዋል።

ለተረቱ መስፋፋት እኔ ዋና ተጠያቂ የማደርጋቸው መዝገበ ቃላት አዘጋጆችን ነው። ናታን ቤይሊ በ1721 ቃሉን አስገብቶ ፍቺውን በላቲን ሸፍኖ ነበር። ሳሙኤል ጆንሰን በ1755 ተወው። ትልቁ የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላትም በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የኤፍን ክፍል ሲያሳትም ዘለለው፤ ያስገባው በ1972 ነው። ቃሉ በየመንገዱ፣ በየጦር ሰፈሩ ሲነገር ኖሮ፣ መነሻውን ለማወቅ መዝገበ ቃላት የገለጠ አንባቢ ባዶ እጁን ተመለሰ። ክፍተቱን ወሬ ሞላው፤ የመነሻ ፊደላቱ ተረት በኅትመት ብቅ ያለውም በ1960ዎቹ ነው። ጸያፍ ቃል «ጸያፍ» ተብሎ፣ ከነዓመቱና ከነምንጩ መመዝገብ ነበረበት።