ባሕር ዳርም በሩ ክፍት የሆነ የሥዕል ቤት ያስፈልጋታል

እናቴ ጣና ሐይቅ ላይ ያለውን ዳጋ እስጢፋኖስን የምታውቀው ከጀልባ ላይ ነው። ለንግሥ ወደ ደቅ ደሴት ስትሄድ ጀልባው በዳጋ በኩል ሲያልፍ ነጠላዋን አስተካክላ ትነሣለች። ትሳለማለች። ተመልሳ ትቀመጣለች። ደሴቲቱን ረግጣ አታውቅም፤ የወንዶች ገዳም ስለሆነ ሴት አትገባበትም። እሷም አንድ ቀን "ለምን?" ብላ አታውቅም።

እኔ ዘጌ ተወልጄ ባሕር ዳር ነው ያደግሁት። ዳጋ ውስጥ ምን እንዳለ ያወቅሁት ግን ከመጽሐፍ ነው። እዚያ ፍሬ ጽዮን የተባለ ሠዓሊ የሠራት የእመቤታችን ሥዕል አለች። ጊዜው የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1434 እስከ 1468 ማለት ነው። የዚያ ዘመን ሠዓሊዎቻችን ሥራቸው ላይ ስማቸውን እምብዛም አይጽፉም። የፍሬ ጽዮን ስም ግን ሥዕሏ ላይ በግእዝ ተጽፏል። ይኸው ከ550 ዓመት በኋላም ስሙን እንጠራዋለን።

ባለፈው ዓመት አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ያለች ታናሽ እህቴ ጋ ሄጄ ነበር። አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ባልቲሞር ወሰደችኝ፤ ዎልተርስ ወደሚባል የሥነ ጥበብ ሙዚየም። በሩ ላይ እንደ ልማዴ ቦርሳዬን ከፈትኩና "ስንት ነው?" አልኳት። "ነጻ ነው እኮ" አለችኝ። አላመንኳትም። ጥበቃው ራሱ ፈገግ ብሎ "ግቡ" በሚል ምልክት እጁን ዘረጋልን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሄንሪ ዎልተርስ የሚባል ባለሀብት እሱና አባቱ የሰበሰቡትን ሁሉ እ.ኤ.አ. በ1931 ሲሞት ለከተማዋ ተናዘዘ። በ1934 ሙዚየሙ ለሕዝብ ተከፈተ። መግቢያው ለሁሉም ነጻ የሆነው ግን በ2006 ነው፤ ከተማዋና አጎራባቿ የባልቲሞር ካውንቲ ገንዘብ መድበውለት። ነጻነቱ ከሰማይ አልወረደም። ሰዎች ቁጭ ብለው ተነጋግረው፣ በጀት ይዘው ነው በሩን የከፈቱት። ይህችን ነገር አንባቢ እንዲይዝልኝ እፈልጋለሁ።

ይህ ሙዚየም ከኢትዮጵያ ውጭ ካሉት ትልልቅ የኢትዮጵያ ጥበብ ስብስቦች አንዱ አለው። መስቀሎቹን አየሁ። የብራና መጻሕፍቱንም አየሁ። ከዚያ አንዲት ትንሽ ሥዕል ፊት ስደርስ እግሬ ቆመ።

ሁለት ሳንቃ ናት፤ እንደ መጽሐፍ የምትከፈትና የምትዘጋ። እመቤታችን ልጇን ይዛለች። የመላእክት አለቆች ግራና ቀኝ ቆመዋል። ሐዋርያትም ተደርድረዋል። መግለጫው "የፍሬ ጽዮን ተከታይ፣ 15ኛው ክፍለ ዘመን" ይላል። የልብሷ እጥፋት በቀጫጭን መስመር ይወርዳል። ጎንበስ ብዬ ጠርዙን አየሁት። ሁለቱን ሳንቃ የሚያያይዘው ክር ያለፈባቸው ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉ። በቀዳዳዎቹ ዙሪያ እንጨቱ በእጅ ብዛት ለስልሷል። ስንት ሰው ከፍቷት ጸልዮ፣ ስንት ሰው ዘግቷት ይሆን? እንባዬ መጣ። እህቴ እጄን ያዘችኝ እንጂ ምንም አላለችኝም።

አጠገባችን ስምንት ዓመት ቢሆናቸው ነው፣ ሁለት ልጆች ወለሉ ላይ ተቀምጠው ሥዕሏን በእርሳስ ይገለብጣሉ። አንደኛው የመልአኩን ዐይን ይሠራል። አይሆንለትም፤ ያጠፋል፤ እንደገና ይሠራል። ማንም ተነሱ አላላቸውም። እኔ ባሕር ዳር ሥዕል አስተምራለሁ። ከተማሪዎቼ ውስጥ የፍሬ ጽዮንን እጅ ሥራ ወይም ያንን መንገድ የተከተለ ሥዕል በዐይኑ ያየ አንድም ልጅ የለም። አስተማሪያቸውም ያየችው በዚያ ዕለት ነው።

ይህች ሥዕል ከአገር እንዴት ወጣች ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ከአገር የወጣ ቅርስ ሁሉ መጠየቅ አለበት። የእንግሊዝ ጦር እ.ኤ.አ. በ1868 ከመቅደላ የወሰደው ንብረት ጉዳይ እስከ ዛሬ አልተዘጋም። እኔ ዛሬ የማነሣው ግን ሌላ ጥያቄ ነው። ነገ ቢመለስልን የት እናስቀምጠዋለን? ማንስ ያየዋል?

ስመለስ ለእናቴ በስልኬ ያነሣሁትን ፎቶ አሳየኋት። ስልኩን በሁለት እጇ ተቀብላ ሳመችው።

"ዕጣን ያጥኑላታል?" አለችኝ።

"መስታወት ውስጥ ናት፣ እማ።"

ዝም አለች። ቆየችና "ዳጋ ያለችውም እንዲህ ናት?" አለች።

"እኔም አላየኋትም፣ እማ" አልኳት።

የገዳሙን ሥርዓት አልከራከርም። አባቶች ያቆዩት ሥርዓት ነው፤ ሥዕሏንም እስከ ዛሬ ያቆየልን እሱ ነው። ገዳማቱ ከጎብኚ የሚቀበሉትንም ገንዘብ አልነቅፍም፤ ጣራ የሚከድኑት በዚያ ነው። እኔ የምለው ሥዕሎቹ እዚያው ይሁኑ፣ ቅጂዎቻቸው ግን ወደ እኛ ይምጡ ነው። ጥሩ ፎቶ ማንሳት ይቻላል። ከዚያም የሚበልጥ አለ። ዛሬም በጎጃም የቤተ ክርስቲያን ሥዕል የሚሠሩ ባለሙያዎች አሉን። እነሱ ገብተው፣ አይተው፣ በዋንዛ ሳንቃ ላይ ይገልብጡልን። ዋንዛው ዘጌ ሞልቷል።

ሥዕል ማየት ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። የመጀመሪያው ሙዚየሜ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ነበረች። የመቅደሱ ግድግዳ ዙሪያውን በሥዕል ተሸፍኗል። እናቴ እጄን ይዛ የበላዔ ሰብእን ሥዕል እያሳየች ታሪኩን ትነግረኝ ነበር። ሰባ ስምንት ነፍስ በላ። አንድ ቀን የተጠማ ለምጻም በእመቤታችን ስም ለመነው፤ ጥርኝ ውኃ ሰጠው። በፍርድ ቀን ኃጢአቱ በሚዛን ሲመዘን እመቤታችን ጥላዋን በውኃዋ በኩል ጣለችበትና ሚዛኑ አጋደለ። መግለጫ ካርድ አልነበረም። ካርዱ እናቴ ነበረች። የምፈልገው የሥዕል ቤት ይህንን አይተካም፤ ደሴት ተሻግሮ መሄድ ለማይችል ልጅ የሚሆን ነው።

ከጥቂት ዓመት በፊት 43 ተማሪዎች ይዤ አንድ ሙዚየም ሄድኩ። ስሙን ልተወው። የመግቢያው ዋጋ ለእኛ ለደመወዝተኞች ትንሽ ነበር። ዘጠኝ ልጆች ግን ሳይዙ መጡ። ከኪሴ የአራቱን ከፈልኩ። አምስቱ ውጭ ዛፍ ሥር ቀሩ። ስንወጣ አንዷ "ምን ነበረ ውስጥ?" ብላ ጠየቀችኝ። ከዚያ ወዲህ "መግቢያው እኮ ትንሽ ነው" ሲባል አልወድም።

"በዚህ ጊዜ ስለ ሥዕል ታወሪያለሽ?" የሚሉኝ አሉ። የክልላችንን ሁኔታ እኔም እኖረዋለሁ። ተማሪ ስንት ቀን ከትምህርት እንደቀረ የምቆጥረው እኔ ነኝ። ግን ቅርስ የሚዘረፈውም የሚቃጠለውም በእንዲህ ያለ ጊዜ ነው። ዛሬ ያልተነሣ ፎቶ፣ ዛሬ ያልተገለበጠ ሥዕል ነገ ላይኖር ይችላል። ሰላም እስኪመጣ ግንባታው ይቆይ። ምዝገባውና ቅጂው ግን መቆየት የለበትም። አዲስ አበባ ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ውስጥ ድንቅ የሥዕል ስብስብ አለ። ከዚህ ግን ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ መንገዱንም ሁላችን እናውቀዋለን።

ቤቱ ቤተ መንግሥት አይሁን። ከሐይቁ ዳር አንድ አዳራሽ ይበቃል። ከተማው የጥበቃና የመብራት ወጪ በጀት ይያዝለት። ዩኒቨርሲቲያችን ባለሙያ ያውስ። በውጭ ያለው የጎጃም ልጅ ቤተ ክርስቲያን ለማሠራት እጁ እንደማይታጠፍ አይቻለሁ፤ ለዚህም ይጠየቅ። አንድ ግድግዳ ለአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ይሰጠው። የዘጌ ልጅ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1868 ተወልዶ ጣሊያን አገር ሥዕል የተማረ፣ በኋላም በአማርኛ የመጀመሪያውን ልብ ወለድ የጻፈ ሰው ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን ከጣሊያኖች ወገን መቆሙ ያሳዝነኛል። እሱም አብሮ ይጻፍ፤ ልጆች ሙሉውን ይወቁት።

ፍሬ ጽዮን ግን መግቢያው ላይ ይሁን። የዳጋዋ ሥዕል ቅጂ ከበሩ ፊት ለፊት፣ ወለል ላይ የተቀመጠ ልጅ ቀና ሳይል በሚያያት ከፍታ ትሰቀል። ከሥሯ ጥቂት ወረቀትና እርሳስ ይቀመጥ። ለእናቴም አንድ ወንበር።