በአንድ ሚስማር የቆመ ግንብ

ጅማ ምን ያህል እንዳደገች ለማየት የሚፈልግ ሰው ፎቅ ከመቁጠሩ በፊት ሳሎን ይግባ። ቀድሞ ከሶፋው በላይ የሚሰቀለው የጋብቻ ፎቶግራፍ ነበር፤ ከጎኑ ጥቁር ካባ የለበሰ የምሩቅ ልጅ፣ አለፍ ብሎ ከባንክ የተሰጠ የቀን መቁጠሪያ። ዛሬ ምሩቁ ወደ ጓዳ ተዛውሯል፤ ሙሽሮቹ አልጋ ሥር ገብተዋል፤ በቦታቸው ግንብ ቆሟል። ሐይቅ ዳር የተገተረ፣ ጣሪያው እንደ ተቀረጸ እርሳስ የሾለ፣ ከጀርባው በረዶ የተከመረበት ተራራ ያለው የፈረንጅ ግንብ፣ ወርቅ በተቀባ ፍሬም ውስጥ። "ጥንታዊ የዘይት ቀለም ሥዕል" ይባላል። ማን እንደሣለው የሚያውቅ የለም፤ በስንት እንደተገዛ ግን ሳትጠይቁ ይነገራችኋል።

እሰየው! ነገሥታት ግንብ ለማሠራት ድንጋይ ጠራቢ፣ ኖራ አቡኪ፣ ሸክም የማይሰለቸው ሕዝብና የሚራቆት ግምጃ ቤት ያስፈልጋቸው ነበር። የከተማችን ሰው አንድ ሚስማርና አንድ ደላላ በቅቶታል። ጠዋት ሒርማታ ገበያ ስለ ሽንኩርት ሲከራከር የዋለ ሰው፣ ማታ ከሐይቁ ማዶ ያለውን ርስቱን እያየ እራቱን ይበላል።

በቅርቡ ጎረቤቴ ቤት ለግንብ ምረቃ ተጠርቼ ነበር። ጎረቤቴ ቡና ነጋዴ ናቸው፤ በሠፈሩ ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። ይህ ሰባተኛ ግንባቸው ነው። ከስድስቱ ሁለቱ ኮሪደሩን ይጠብቃሉ፤ ስለዚህ እጁን ሊታጠብ የሚሄድ እንግዳ አንድ ምሽግና አንድ የእንጨት ድልድይ አልፎ ነው ሳሙና የሚያገኘው። በዚያ ምሽት ቀጤማ ተጎዝጉዟል፤ እጣኑ ይጨሳል፤ የጋሼ ባለቤት እትዬ ከረከቦቱ ፊት ተቀምጠው ቡና ይቆላሉ። ጋሼ ነጠላውን ከሥዕሉ ላይ ሲገፉት አጨበጨብን። እትዬ ቀና ብለው ለአፍታ አዩትና፣ "ይህን ሁሉ ክፍል ማን ይጠርገዋል?" ብለው ወደ ቡናቸው ተመለሱ። ስለ ግንብ ብዙ ሊቃውንት ብዙ ጽፈዋል፤ የእትዬን ያህል ነገሩን የገባው ግን አላጋጠመኝም።

ደላላውም ተጋብዞ ነበር። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ቦታና የቤት መኪና ያሻሽጥ ነበር፤ አሁን በሥነ ጥበብ ታሪክ ላይ ተሰማርቷል። ሙያውን የቀየረ አይምሰላችሁ። መኪና ሲሸጥ "የዶክተር መኪና ነው፣ ከቤትና ከሥራ ቦታ በቀር አልሄደም" ይል ነበር፤ ሥዕል ሲሸጥ "የባሮን ሥዕል ነው፣ ከግድግዳው አልወረደም" ይላል። መኪና ላይ ኪሎ ሜትር ይቀንስ ነበር፤ ሥዕል ላይ ዓመት ይጨምራል።

ይህ መቼም ያልተከበረ ጥበብ አይደለም። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ሆላንዳዊ ሠዓሊ ያኮብ ፋን ራውስዳል በጀርመን ምድር ያለውን የቤንትሃይም ግንብ ደጋግሞ ሥሏል። ግንቡ የተቀመጠበት ኮረብታ በእውኑ ዝቅ ያለ ነው፤ ራውስዳል ግን በብሩሹ እየጎተተ ተራራ አደረገው። ሥዕሎቹ ዛሬ በታላላቅ ሙዚየሞች ተሰቅለው ይኖራሉ። እንግዲህ ራውስዳል ኮረብታ ቢያሳድግ ሊቅ ከተባለ፣ የእኛ ደላላ ዕድሜ ቢያሳድግ በምን ሒሳብ አጭበርባሪ ይባላል?

በዚህ አጋጣሚ ሰብሳቢዎቻችንን ስለ ጨዋነታቸው ላመስግን። ሌላ አገር ሥዕል የሚገዛ ሰው መጀመሪያ ጀርባውን ገልብጦ ያያል። ሸራው ከእንጨቱ ጋር የተያያዘው በዛገ ትንንሽ ሚስማር ነው ወይስ በሚያብረቀርቅ የስቴፕለር ሽቦ? እንጨቱ በዕድሜ ጠቁሯል ወይስ ትናንት ከመጋዝ የወጣ ነው? ከዚያ አጉሊ መነጽር አውጥቶ ፊቱን ይመረምራል፤ በማተሚያ የታተመ ከሆነ የብሩሽ ምት ሳይሆን ተራ በተራ የተደረደሩ ጥቃቅን ነጠብጣቦች ያያልና። የእኛ ሰው እንዲህ ያለ ብልግና አይሠራም። ሥዕልን መገልበጥ የእንግዳን ኪስ እንደ መፈተሽ ነው። ፊቱን አይቶ፣ አምኖ፣ ከፍሎ ይወስዳል። ጀርባው የግድግዳው ጉዳይ ነው።

የቆዩ የዘይት ሥዕሎች ላይ የሚታየውን መሰነጣጠቅ ታውቁታላችሁ። ቀለሙ በዘመናት ብዛት ይደርቃል፤ ከሥሩ ያለው ሸራ ደግሞ እርጥበት ሲመጣ ይላላል፣ ሲሄድ ይወጠራል፤ በዚህ መካከል የደረቀው ቀለም እንደ በጋ ረግረግ ይሰነጠቃል። ሐን ፋን ሜኸረን የተባለ ሆላንዳዊ ይህን ሁሉ ዘመን መጠበቅ ሰለቸውና ከ1930ዎቹ ጀምሮ አዲስ ሥዕሉን ምድጃ ውስጥ ጋግሮ፣ በበርሜል ነገር ላይ ጠቅልሎ እያሰነጠቀ፣ የጥንቱ ሠዓሊ የቬርሜር ሥራ ነው ብሎ ሸጠ። ከገዢዎቹ አንዱ የናዚው ሹም ኸርማን ጎሪንግ ነበር። ታዲያ ምድጃ ምን ያደርጋል? እኛ ምጣድ አለን። ከምጣዱ በላይ ደግሞ የቡና አተላ አለን። የጋሼን ሰባተኛ ግንብ ጠጋ ብዬ ሳሸተው የሦስት መቶ ዓመት አቧራ ሳይሆን ቶና መሰለኝ። በጅማ ልጅነቴ ኮራሁ። ፍሬውን ለአውሮፓ ልከን፣ በአተላው አውሮፓን ራሷን የምናስረጅ ሕዝብ ሌላ ማን አለ?

ፍሬሙ ግርጌ ላይ ትንሽ የነሐስ ሰሌዳ ተለጥፋለች፤ "1750" የሚል ተቀርጾባታል። ጋሼ በጣታቸው እያበሱ ሁለት ጊዜ አሳዩኝ።

ችግሩ ግንቡን ማወቄ ነው። ከቸኮሌት ካርቶን እስከ ልጆች ደብተር ሽፋን ድረስ ያለ፣ በጀርመን፣ ባቫሪያ የሚገኘው ኖይሽቫንሽታይን ነው። ባቫሪያን የገዛው ሉድቪግ ሁለተኛ መሠረቱን ያስጣለው በ1869 ነው። ያን ጊዜ የባቡር ሐዲድ በአውሮፓ ከተዘረጋ ቆይቷል። ንጉሡ የጥንት ባላባቶችን ተረት ይወድ ስለነበር የጥንት የሚመስል አዲስ ግንብ አሠራ፤ ውስጡ ግን የቧንቧ ውኃና ማሞቂያ አለው። የመጀመሪያውን ንድፍ የሣለለትም ለቲያትር መድረክ መጋረጃ የሚሥለው ክርስቲያን ያንክ ነበር። ስለዚህ ግንቡ ራሱ ከመሠራቱ በፊት ሥዕል ነበር፤ ከሥዕል ግንብ ሆነ፤ ከግንብ ተመልሶ ሥዕል፣ ከሥዕል ኅትመት፣ ከኅትመት በቡና አተላ ተጠምቆ የጋሼ ግድግዳ ላይ ዐረፈ። ባለቤቱ በብድር ተዘፍቆ በ1886 "አእምሮው ታውኳል" ተብሎ ከዙፋኑ ወረደ፤ በቀናት ውስጥ ሐይቅ ውስጥ ሞቶ ተገኘ። ግንቡም በዚያው ዓመት ለከፋይ ጎብኚ ተከፈተ።

ይህን ሁሉ አልተናገርኩም። ዝም ብዬ፣ "ጋሼ፣ ግንቡ የተጀመረው በ1869 አይደለም እንዴ?" ብቻ አልኩ።

ቤቱ ጸጥ አለ። ቡናው እንኳ መንተክተኩን ያቆመ መሰለኝ። ደላላው ፊቱ ሳይለወጥ፣ "እሱማ በእነሱ አቆጣጠር ነው። ሰሌዳው ላይ ያለው በእኛ ነው" አለ።

ሒሳቡን በልቤ ሠራሁት። በእኛና በእነሱ መካከል ያለው ልዩነት ሰባት፣ ቢበዛ ስምንት ዓመት ነው። ስምንቱን ብንሰጠው 111 ዓመት ይተርፋል። ጋሼ ግን ከእኔ ይልቅ ፈጣን ናቸው፤ ጥቂት አሰቡና ፊታቸው በራ። "ሠዓሊው ቀድሞ አይቶት ነዋ!" አሉ። እንግዳው ሁሉ "ወይ ጉድ!" እያለ ከንፈሩን መጠጠ፤ ደላላው ከሁሉም በላይ መጠጠ። በርካሽ ሸጦላቸው እንደነበር የገባው ያኔ ነው።

ምቀኞች እዚህ ላይ ጅሬንን ያነሣሉ። ሉድቪግ ግንቡን ጀምሮ ሳይጨርስ፣ በፈረንጆቹ 1878 አባ ጅፋር ሁለተኛ ጅማ ላይ ነገሡ፤ ቤተ መንግሥታቸውም ከከተማው በላይ ካለው የጅሬን ኮረብታ ላይ ቆሟል። በእንጨት የተዋበ ሰገነት አለው፤ አጠገቡ መስጊድ አለ፤ ከዚያ ቁልቁል ሲያዩ ከተማዋ ከነዛፎቿ ትዘረጋለች። አባ ጅፋር ለምኒልክ ግብር እየከፈሉ የውስጥ አስተዳደራቸውን ጠብቀው እስከ 1932 ኖሩ፤ ሐይቅ ውስጥም አልተገኙም። ዕቃዎቻቸው ጅማ ሙዚየም ውስጥ አሉ። "እኩያሞች አይደሉም ወይ? ኮረብታስ ከፈለጋችሁ የጅሬኑ ያለ ራውስዳል ብሩሽ ከፍ ያለ አይደለም ወይ?" ይላሉ ምቀኞቹ።

እነዚህ ሰዎች የክብርን ነገር አያውቁም። በባጃጅ የሚደረስበት ነገር እንዴት ሳሎን ይሰቀላል? ግንብ ግንብ የሚሆነው ቪዛ ሲከለክል ነው። ጅሬንን ብትሰቅሉት እንግዳው "እኔም እኮ በትምህርት ቤት ጉብኝት ሄጃለሁ" ይላችኋል፤ ሥዕሉ በዚያው ዋጋውን ያጣል። ለኖይሽቫንሽታይን እንዲህ የሚል የለም። ጋሼን አንድ ቀን ጅሬንን መቼ እንዳዩት ጠይቄያቸው፣ "ይኼው እዚህ አይደል፣ የት ይሄዳል?" ብለውኛል። እውነታቸውን ነው፤ እንጨት ከምስጥ ጋር ካልሆነ በቀር የት ይሄዳል?

በከተማችን ጅሬንን የሚሥል ወጣት አለ። ሸራውን ራሱ ይወጥራል፤ ቀለሙን ከአዲስ አበባ ያስመጣል፤ ሥዕሎቹ ግድግዳ ተደግፈው ገዢ ይጠብቃሉ። ልጁ ጥፋቱን አላወቀም። ቀለሙ አልደረቀም፤ ስሙ ይነበባል፤ ከሁሉ የከፋው ደግሞ በሕይወት አለ። ጋሼ አንዴ አይተውለት "እጅህ ጥሩ ነው" ካሉት በኋላ፣ ለሰባተኛው ግንብ ፍሬም አሠርተውታል።

ክረምቱ ገባ። የጅማን ክረምት ታውቁታላችሁ፤ ልብስ አልደርቅ ይላል፣ ጫማ ያሻግታል። ሸራም እንዲሁ ነው። ሐምሌ ላይ ከግንቡ በላይ ያለው ሰማይ አረንጓዴ ማውጣት ጀመረ፤ ጋሼ "በዚያ አገር አሁን ጸደይ ነው" አሉ። ነሐሴ ላይ ጣሪያቸው አፈሰሰ። ውኃው ኮርኒሱን ሰንጥቆ፣ ግድግዳውን ይዞ ወርዶ፣ በፍሬሙ ጫፍ ገብቶ በቀጥታ የተሣለው ሐይቅ ላይ ዐረፈ። እኔ ስደርስ እትዬ ከሥሩ ሳፋ ደቅነው ነበር። ከሐይቁ ወደ ሳፋው ጠብ፣ ጠብ የሚለው ውኃ ቡናማ ነው።

"ጋሼ፣ ቆርቆሮ የሚመታ ሰው ልጥራ?" አልኩ።

"ቆይ" አሉኝ ስልካቸውን ጆሯቸው ላይ እንዳደረጉ። "ደላላውን እያናገርኩት ነው። ሐይቁ በራሱ ውኃ ከሞላ ዋጋው ስንት እንደሚደርስ እያሰላልኝ ነው።"