ባልደራሱ እጁን የት አደረገ?

በእናቴ ቤት ቡና ያለ ህንድ ድራማ አይፈላም። ረከቦቱ ከቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት ተቀምጦ ጀበናው ከሰሉ ላይ መንተክተክ ሲጀምር፣ ከግንባሯ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ወርቅ የተሸከመች ንግሥት ጥርት ባለ የአዲስ አበባ አማርኛ «ጌታዬ፣ ይህን ሁሉ ዘመን ልብዎን የት ደብቀውት ኖሩ?» ብላ ትጠይቃለች። ንጉሡ አፉን ከመክፈቱ በፊት ካሜራው የእሱን ፊት ሦስት ጊዜ፣ የእናቱን ፊት ሁለት ጊዜ፣ ጥግ ላይ ማራገቢያ ይዞ የቆመውን አሽከር ፊት ደግሞ በምን ምክንያት እንደሆነ እስከ ዛሬ ባልገባኝ ሁኔታ አንድ ጊዜ ያሳየናል፤ በየመሀሉም ነጎድጓድ ይመታል። እናቴ በዚህ ፋታ አቦሉን ለሰባት ሰው ቀድታ ፈንዲሻውን ታዞራለች። ንጉሡ የሚመልሰው ነገ ነው።

እኔ በዚህ ጉባኤ ውስጥ የምታወቀው በአንድ መጥፎ ጠባዬ ነው፤ ዓመተ ምሕረት እወዳለሁ። አንድ ቀን ህንድን ይገዛ የነበረው የሙጋሉ ንጉሠ ነገሥት አክባርና የራጅፑቷ ልዕልት በአበባ መጋረጃ ውስጥ ሲተያዩ፣ አክባር ይህችን የአምበር ግዛት ራጃ (ንጉሥ) ልጅ እ.ኤ.አ. በ1562 ማግባቱ እውነት እንደሆነ፣ ነገር ግን ዛሬ አገር ሁሉ የሚጠራት «ጆዳ» የሚለው ስም በዘመኑ በተጻፈው ዜና መዋዕል ውስጥ እንደማይገኝ፣ በቤተ መንግሥቱ የምትታወቀውም ማርያም ኡዝ-ዘማኒ በሚለው የማዕረግ ስሟ እንደነበረ በትሕትና አስረዳሁ። «ማርያም» የሚለው ትንሽ ደስ አሰኛቸው። ከታች ቤት ያሉት ጎረቤታችን ግን ሲኒያቸውን አስቀምጠው «አግብቷታል ወይስ አላገባትም?» አሉኝ። ማግባቱንማ አግብቷታል አልኳቸው። «እንግዲያው ምን ቀረህ፣ ልጄ?» አሉ፤ ጉባኤውም በዚሁ ተዘጋ። (ከዚህ በታች የምጠራው ዓመት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። በእኛ አቆጣጠር ለመመለስ ሞክሬ እናቴ «ሰባት ቀንስ፣ ስምንት ቀንስ እያልክ ቡናውን አታቀዝቅዝብኝ» ስላለችኝ ትቼዋለሁ።)

ታጅ ማሃልም ላይ የገጠመኝ ይኸው ነው። ንጉሡ ሻህ ጃሃን ለሚወዳት ሚስቱ ለሙምታዝ ማሃል ያሠራው ነጭ መቃብር በህንድ ምድር ለሚጻፍ የፍቅር ታሪክ ሁሉ መሥፈሪያ ሆኗል፤ ጨረቃዋ ትወጣለች፣ ወንዙ ያብረቀርቃል፣ ንጉሡ ያለቅሳል። በ1612 ተጋብተው በ1631 እስክትሞት ድረስ በ19 ዓመት ትዳር ውስጥ 14 ጊዜ መውለዷን፣ የሞተችውም ባሏ ለጦርነት በሰፈረበት በቡርሃንፑር ከተማ 14ኛውን ስትወልድ መሆኑን ግን ባለ ቅኔው ሁሉ ዓይኑን ጨፍኖ ያልፈዋል። ይህን ስናገር ስድስት የወለዱት እኚሁ ጎረቤታችን ወገባቸውን ይዘው «አሥራ አራት! ያን ሁሉ እብነ በረድ ከሚከምር በሕይወት ሳለች ቢያሳርፋት አይሻልም ነበር?» አሉ። ስለዚያ ሕንፃ ከተጻፈው ሒስ ሁሉ ከዚህ የተሻለ አላነበብኩም።

እያደር የገባኝ ነገር ቢኖር፣ ታሪክን ወደ ፍቅር ድርሰት የሚለውጠው ሥራ እዚሁ ከፊቴ በየቀኑ ሲከናወን የኖረ መሆኑ ነው። ባለፈው ክረምት ከባድ ዝናብ ጥሎ መንገዱ ወንዝ በሆነበት ቀን፣ በግቢያችን የምትኖር አንዲት ልጅ ባጃጅ ልትሳፈር ስትል ጎርፉን መሻገር አቅቷት ቆመች፤ ሾፌሩም ወርዶ እጁን ሰጣት። (ባጃጇም የህንድ ሥሪት ናትና ከርዕሳችን አልወጣንም።) ወሬው የእናቴ ቡና ላይ የደረሰው በዚያው ዕለት ነው። በአቦሉ «ደገፋት» ተባለ። ቶናው ሲቀዳ ክንዷን ይዞ እንደነበር ታወቀ። በረካው ላይ ዕጣኑ ሲጨስ፣ ልጁ በብብቷ ይዞ አንሥቶ እንዳሳፈራት፣ ሒሳብም እንዳልተቀበላት፣ ሽማግሌ ሊልክ ማሰቡም ከፊቱ እንደሚያስታውቅ በሦስት የዓይን ምስክሮች ተረጋገጠ፤ ሦስቱም በዚያ ሰዓት ቤታቸው ነበሩ።

ይህንኑ የሦስት ጀበና ሕግ ሳያዛንፍ የተከተለ ታሪክ ዴልሂ ውስጥ አለ፤ ያውም ከባለ ጉዳዮቹ አንዱ ሐበሻ ነው። ሱልጣን ኢልቱትሚሽ በባርነት ተገዝቶ መጥቶ ለዙፋን የበቃ ቱርክ ነበር። በ1236 ሲሞት ዙፋኑን የያዘው ወንድ ልጁ ሰባት ወር እንኳ ሳይቆይ ወረደና እኅቱ ራዚያ ነገሠች። ራዚያ የሴት ልብሷን አውልቃ ካባና ቆብ አደረገች፤ ሕዝብ ሁሉ እያያትም በዝሆን ትወጣ ጀመር። የፈረስ ቤቷ ሹም፣ በእኛ አጠራር ባልደራሷ፣ ጀማል ኡድ-ዲን ያቁት የሚባል ሐበሻ ነበር። ሹመቱ ፈረስ ከማጠብ ጋር የሚያያዝ የሚመስለው ካለ ተሳስቷል፤ ያ መንግሥት የቆመው በፈረሰኛ ነውና ባልደራስ የሆነ ሰው ከባድ ሰው ነው። የቱርክ መኳንንትም ደማቸው ፈላ። ከእነሱ ብዙዎቹ ራሳቸው እንደ ሟቹ ሱልጣን ገበያ ላይ የተገዙ ነበሩ፤ ከባርነት ወደ መኳንንትነት የሚያወጣው መሰላል እነሱ ከወጡበት በኋላ መነሣት እንዳለበት ግን አጥብቀው ያምኑ ነበር።

አቦሉን የቀዳው ሚንሃጅ ነው። ሚንሃጅ በራዚያ ዘመን ዴልሂ የኖረ፣ መጽሐፉንም በ1260 የጨረሰ የታሪክ ጸሐፊ ሲሆን፣ ያቁት በአገልግሎቱ ከሱልጣኗ ዘንድ ቅርበት እንዳገኘ፣ መኳንንቱም በዚህ እንደቀኑ ጽፎ ያልፋል። እጅ የለም፣ ክንድ የለም፣ የጨረቃ ብርሃን የለም። ጥበቧን፣ ፍትሕ አዋቂነቷንና ጦር መምራቷን ዘርዝሮ አመስግኖ ሲያበቃ ወንድ ሆና ካልተፈጠረች ይህ ሁሉ ምን ይጠቅማታል ብሎ መተከዙን ስናይ፣ ሊያማት ቢፈልግ ምላሱ እንደማያንሰው እንረዳለን፤ ስለ ፍቅር ግን አንዲት ቃል አልጻፈም።

ቶናው የተቀዳው ዘጠና ዓመት ቆይቶ ነው። በ1350 ኢሳሚ የተባለ ባለ ቅኔ ረጅም የታሪክ ግጥም ሲጽፍ ራዚያ ፈረስ ላይ ስትወጣ ያቁት ክንዷን ይዞ ሲደግፋት አየ፤ ከዘጠና ዓመት ርቀት እንዲህ አጥርቶ ማየት ለባለ ቅኔ ብቻ የተሰጠ ጸጋ ነው። ኢሳሚ በዚህ አላበቃም፤ ሴት ልጅ ዙፋን ላይ ከምትወጣ ቤቷ ተቀምጣ በመዘውር ጥጥ ብትፈትል እንደሚሻላት መከረ። ይህች ምክሩ መዘውር በዚያ ዘመን በህንድ አገር መኖሩን ከሚያሳዩ ጥንታዊ የጽሑፍ ማስረጃዎች አንዷ ናት። ሴት ሊያማ ቁጭ ብሎ ለሽመና ታሪክ ማስረጃ ትቶ የተነሣ ሰው እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

በረካው የፍሪሽታ ነው። ፍሪሽታ በ17ኛው መቶ ዓመት መባቻ የጻፈ ታሪክ ዘጋቢ ሲሆን፣ በእሱ ጊዜ የያቁት እጅ ብብቷ ሥር ደርሷል፤ በብብቷ ይዞ አንሥቶ ነው ፈረሱ ላይ የሚያስቀምጣት። እንግዲህ ያች እጅ ከምንም ተነሥታ ብብት ለመድረስ ሦስት መቶ ሃምሳ ዓመት ገደማ ፈጅቶባታል፤ የእኛ ግቢ ባጃጅ በአንድ ከሰዓት በኋላ ጨርሳዋለች። እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። ባልደራስ የተሾመው ለምንድን ነው? ሱልጣን ፈረስ ላይ ሲወጣ ቆሞ የሚያይ ባልደራስ ደመወዙን የሚበላው በምን ሒሳብ ነው? ዝሆኑን የሚነዳው ሰውም ከዚያች ንግሥት ብዙ አይርቅም ነበር፤ እሱን የጠረጠረው የለም፤ የእሱን ሥራ የፈለገ መኳንንት ስላልነበረ ይመስለኛል።

ከጀበናው በኋላ የመጣው ሲኒማ ነው። በ1983 በራዚያ ስም በወጣው የሂንዲ ፊልም ራዚያን የተጫወተችው ሄማ ማሊኒ፣ ያቁትን የተጫወተው ደግሞ ፊቱን ጥቁር የተቀባው ዳርመንድራ ነው። ሁለቱ ፊልሙ ከመውጣቱ ከሦስት ዓመት በፊት በእውነተኛው ሕይወት ተጋብተው ነበር። ሐበሻው ባልደራስ ከሰባት መቶ ዓመት በላይ በታማበት ፍቅር መጨረሻ ላይ ወግ ማዕረግ ሲያይ፣ ሙሽራው የፑንጃብ ሰው ሆኖ ተገኘ።

የእኛ አገር ተመልካች ለህንድ ፊልም ያወጣው ሕግ አንድ ነው፤ አክተር አይሞትም። ይህ ሕግ ዴልሂ አልደረሰም። በ1240 የባቲንዳው ገዢ አልቱኒያ ሲያምፅ ራዚያ ጦሯን ይዛ ወጣች፤ የገዛ መኳንንቷም ከዱና ያቁትን ገድለው እሷን እዚያው አሰሩ፤ ዙፋኑንም ለወንድሟ ሰጡ። ከዚያ በኋላ ያለው ክፍል የድርሰት ሰዎች ሌሊት እንቅልፍ የሚያጡበት ነው፤ ራዚያ አስሮ የያዛትን አልቱኒያን አገባች። ልብ ወለዱ አልቱኒያን ከልጅነት ጀምሮ በፍቅሯ የነደደ፣ በቅናት ያበደ ሰው ያደርገዋል። ዜና መዋዕሉ ግን አልቱኒያ የተቆጣው ሹመት ሲከፋፈል የጠበቀው ስላልደረሰው መሆኑን ይነግረናል፤ ይህንም መሥሪያ ቤት ተቀጥሮ የሚያውቅ ሁሉ ያለ ማስረጃ ያምነዋል። ባልና ሚስት ዴልሂን ሊያስመልሱ ዘምተው በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ተሸነፉ፤ ካይታል አካባቢም ተገደሉ።

አሟሟቷን ያሳመረው የሞሮኮው ተጓዥ ኢብን ባቱታ ነው፤ ዴልሂ የደረሰው መቶ ዓመት ገደማ ዘግይቶ ነው። እሱ እንደሰማው፣ ከጦርነቱ ያመለጠችው ራዚያ ርቧት አንድ ገበሬ ሲያርስ አግኝታ ምግብ ለመነችው፤ ቁራሽ ዳቦ ሰጣት፤ በልታም እንቅልፍ ወሰዳት። የወንድ ልብስ ለብሳ ነበር። ገበሬው ተኝታ ሲያያት ከልብሷ ሥር በዕንቁ የተንቆጠቆጠ ካባ ብልጭ አለበት፤ ገድሎ እርሻው ውስጥ ቀበራትና ልብሷን ገበያ ሊሸጥ ሄዶ ተያዘ። ይህ ደግሞ በየትኛውም ፊልም የማላገኘው ዓይነት መጨረሻ ነው፤ ዘፈን የለውም፤ የዴልሂን ንግሥት ነገር የደመደመው አንድ አራሽና የልብስ ተራ ነው።

ስለ ሐበሻ ካነሣን፣ ከያቁት እጅግ የሚበልጠው ማሊክ አምባር ነው። በ1500ዎቹ አጋማሽ በኢትዮጵያ ተወልዶ፣ እየተሸጠ ወደ ደቡባዊው ህንድ፣ ደካን ደርሶ፣ በመጨረሻ የአህመድናጋር መንግሥት አድራጊ ፈጣሪ የሆነና ሙጋሎችን በደፈጣ ውጊያ ያንገሸገሸ ሰው ነው። የሙጋሎቹ ንጉሠ ነገሥት ጃሃንጊር በጦር ሜዳ ስላቃተው በአምባር የተቆረጠ ራስ ላይ ቀስት ሲወረውር የሚያሳይ ሥዕል አሥሎ ተጽናና፤ አምባር ግን በ1626 በእርጅናው ሞተ። ይሁንና አግብቶ፣ ወልዶ፣ ልጁን ድሮ፣ ለመሠረታት ከተማ የውሃ ቦይ አስቆፍሮ የኖረ ሰው ስለሆነ ለፍቅር ድርሰት አይመችም። ውሃ ያስገባ ሰው ማን ያማዋል?

ባለፈው ሳምንት መብራት ሄዶ ድራማው ሲቀር ጉባኤው ወደ እኔ ዞረ። ዕድሌን ተጠቅሜ የራዚያንና የያቁትን ታሪክ ነገርኳቸው፤ ኅሊናዬ እንዳይወቅሰኝም ከአቦሉ አላለፍኩም። ስጨርስ ዝም ተባለ። እናቴ «ይኸው ነው?» አለች። ጎረቤታችን ደግሞ ጠጋ ብለው «እጁን የት አድርጎ ነበር?» ብለው ጠየቁኝ። በሚንሃጅ መጽሐፍ ውስጥ ስለ እጅ የተጻፈ ነገር የለም አልኳቸው። «ሰው ፊት ያደርገዋል እንዴ ታዲያ!» አሉ፤ ሴቶቹም ሁሉ ራሳቸውን ነቀነቁ።

በሦስተኛው ቀን ቲማቲም ልገዛ ጉሊት ስሄድ እኚሁ ጎረቤታችን ለባለ መደቧ ሲያወሩ ደረስኩ። አንድ የወሎ ልጅ ህንድ አገር ሄዶ ባልደራስ ሆኖ፣ ንግሥቲቱን በወገቧ እያነሣ ፈረስ ላይ ያወጣት እንደነበር፣ ቱርኮች ቀንተው እንደገደሉት፣ ልጅም ሳያስቀር እንዳልቀረ ይተርካሉ። ባለ መደቧ ማን እንደነገራቸው ብትጠይቃቸው «መጽሐፍ ያነበበ ሰው ነው እንጂ ወሬ መሰለሽ? ይኸው ራሱ መጣ፤ አይደለም እንዴ ልጄ?» አሉ። ሁለቱም ዓይናቸውን እኔ ላይ ጣሉ። የወሎ ልጅ ስለመሆኑ በመጽሐፍ የተገኘ ማስረጃ የለም አልኩ፤ ስለ ወገቧ ምንም አልተናገርኩም።

«ጎንደሬ ይሆናላ» አለች ባለ መደቧ፣ ቲማቲሙን እየመዘነች።