ምን አገባህ

ቦሩ ሜዳ ላይ በግ የያዘ ሰው ሁለት ጠላት አለበት፤ ማታ ጅብ፣ ቀን የጎረቤት ውሻ። ከሁለቱ ጅቡ ይሻላል፤ ቢያንስ ሰዓት ያከብራል።

የጎረቤቴ ውሻ ስሙ «ምን አገባህ» ነው። በእኛ አገር የውሻ ስም የሚወጣው ለውሻው አይደለም፣ አጥር ማዶ ላለው ሰው ነው። ፊት ለፊት ቢናገሩት ሽማግሌ የሚያስቀምጥ ነገር፣ በውሻ ሲጠራ ጨዋታ ይሆናል። ይኼ ስም የወጣው እኔ ስለ ድንበሩ ባሕር ዛፍ በጠየቅሁ ሰሞን ነውና ለማን እንደተላከ አልጠፋኝም።

ምን አገባህ ማታ ይታሰራል። ጅብ ሲመጣ ተጠቅልሎ ዝም፤ ጅቡ ወንዙን ሲሻገር ነው ድምፁ የሚወጣው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ብሎ የተረተው ሰው የዚህን ውሻ ቅድመ አያት ሳያውቅ አልቀረም። ጠዋት ልጆቹ ፈተውት ትምህርት ቤት ይሄዳሉ፤ ሥራው ያኔ ይጀምራል።

አንድ ማክሰኞ ዳለቻዋን በጌን ከጓሮ እስከ መንገዱ አሯሯጣት። ስደርስ ላቷ ላይ የአራት ጥርስ ቀዳዳ፣ እሾህ ላይ የቀረ ፀጉር። አልበላትም። ግን የከበደች በግ ንክሻው ቢያልፍላት ሩጫው አያልፍላትም፤ በሦስተኛው ቀን ጨነገፈች።

ፀጉሩን በጭብጤ ይዤ ሄድኩ።

«ጋሼ፣ ውሻዎ በጌን ነከሰብኝ።»

«የኛው? ወላሂ እሱ እኮ የዋህ ነው፤ ሲጫወት ይሆናል።» ዞር አሉና «ምን አገባህ! አንተን እኮ ነው፣ ምን አገባህ!»

እኔም ውሻውም ጆሯችንን አቆምን።

«አብሽር ወንድምዓለም፣ ግባ፣ ቡና ደርሷል።»

ወሎ ውስጥ ክስ ይዞ ቡና ላይ መድረስ ክሱን መጣል ነው። በአቦል ነገሩን አነሳሁ። በቶና እሳቸው አዘኑ፣ እኔ አጽናናኋቸው። በበረካ መረቁኝ፣ አሜን ብዬ ወጣሁ። ባለቤቴ «ካሳው አሜን ነው?» ብላ ሳቀችብኝ።

ደሴ ወርጄ ሕግ የሚያውቅ ዘመዴን ጠየቅሁ። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2071 የእንስሳ ባለቤት፣ እንስሳው አምልጦት እንኳ ቢሆን፣ ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው። ደስ አለኝ። ዘመዴ ገጹን ገለጠ። ባለቤቱ ራሱ ጥፋት ከሌለበት እንስሳውን ለተጎዳው አስረክቦ ከዕዳው መገላገል ይችላል። ባይገልጠው ምን ነበረበት?

ይቺው ቦሩ ሜዳ በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ የሃይማኖት ጉባኤ ያስቀመጡባት ናት። ያን የመሰለ ከባድ ነገር የተቆረጠበት ሜዳ ላይ የአንድ በግ ላት ሦስት ቅዳሜ ፈጀ። ሁለተኛዋን ገጽ ለሽማግሌዎቹ ማን እንደነገረብኝ እስከ ዛሬ አላውቅም። «እሳቸው መች ፈቱት፣ ልጆች ናቸው» አሉና ፈረዱልኝ፤ ውሻውን ከነሰንሰለቱ።

አሁን ምን አገባህ የእኔ ነው። ስሙን «አብሽር» ልለው ሞክሬ አልሰማ አለኝ። የእኔን በጎች አይነካም። ትናንት ጠዋት ግን የታች ቤቷ ሴትዮ አንድ ጭብጥ ፀጉር ይዘው በሬ ላይ ቆሙ።

«ኧረ እትዬ፣ እሱ እኮ የዋህ ነው» አልኩና ውሻውን በስሙ ተጣራሁ።

ሴትዮዋ ጆሯቸውን አቆሙ።

«ይግቡ እንጂ፣ ገና አቦል ነው።»